ከጋራዡ በር እስከ መንገዱ፦ በአንድ የበረዶ ወራት የተላጠ የመኪና መግቢያ

ጉዳዩ የአንድ መኖሪያ ቤት የመኪና መግቢያ ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር፣ የኮንክሪቱ ውፍረት 10 ሳንቲሜትር ሲሆን ከሥሩ 15 ሳንቲሜትር የተጠቀጠቀ ጠጠር አለ። በቁመቱ መሃል አንድ መስመር፣ በአግድም ደግሞ በየ3 ሜትሩ አንድ አንድ መስመር ተቆርጦ ስምንት እኩል ክፍሎች ወጥተውለታል። የታዘዘው ኮንክሪት 30 ሜጋፓስካል (የጭነት መቋቋሚያ መለኪያ) ጥንካሬ፣ 0.45 የውሃና የሲሚንቶ የክብደት ምጣኔ፣ 6 በመቶ አየር ያለው ነው። በወረቀት ላይ ውርጭ ላለበት ቦታ የሚሆን ነው። የተሞላው ግን የመጀመሪያው ውርጭ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነበር።

በዚያው የበረዶ ወራት በረዶ በጣለ ቁጥር አንድ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት የድንጋይ ጨው ይበተንበት ነበር። ወራቱ ሲያልፍ ፊቱ ተላጦ ተገኘ። የባለቤቱ ጥያቄ አጭር ነበር፦ ጨው በላው፤ ከእንግዲህ የትኛውን ጨው ልግዛ? ጥያቄው የተለመደ ነው። በዚህ መግቢያ ላይ ግን የጨው ዓይነት ሦስተኛ ምክንያት ቢሆን ነው። አንደኛው የላይኛው 3 ሚሊሜትር የተሠራበት መንገድ፣ ሁለተኛው ውሃው የሚተኛበት ቦታ ነው።

የጉዳቱ ካርታ

ጨው በስምንቱም ክፍሎች ላይ በአንድ እጅ ተበትኖ ሳለ ጉዳቱ እኩል አልነበረም፤ ምርመራው የተጀመረውም ከዚህ ነው። ረድፎቹን ከጋራዡ ወደ መንገዱ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እንበላቸው። ረድፍ 3 ደህና ነው፤ መጥረጊያ የተወባቸው ጭረቶች እንኳ አልጠፉም። ረድፍ 4 ሁለቱም ክፍሎች ከዳር እስከ ዳር ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ተልጠው ጠጠሩ ወጥቷል። ረድፍ 1 ላይ የግራው ክፍል ምንም አልሆነም። የቀኙ፣ መኪናው አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጎ የሚቆምበት፣ የፊት ጎማዎቹ በሚያርፉበት ቦታ ሁለት ሞላላ ቁስሎች አውጥቷል። የኋላ ጎማዎቹ የሚያርፉት ረድፍ 2 ላይ ነው፤ እዚያ ጉዳቱ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። መኪና በጎማ ሽፋኑ ውስጥ ከመንገድ የሚያመጣው ጨዋማ ጭቃ ከፊትም ከኋላም ይንጠባጠባል። ታዲያ የፊቱ ቦታ ለምን በረታበት? ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላና ውሃ ልክ ሲቀመጥ መልሱ ተገኘ። ከረድፍ 2 እስከ 4 ያለው ቁልቁለት 2 በመቶ ነው፤ በሜትር 2 ሳንቲሜትር ማለት ነው፣ ይበቃል። ረድፍ 1 በቀኝ በኩል ግን ከ1 በመቶ ያነሰ ሲሆን መሃሉ 6 ሚሊሜትር ያህል ሰርጓል። በዚያ ላይ የጣሪያው አሸንዳ ቱቦ የሚፈሰው እዚያው ጥግ ላይ ነው። ቀን ቀልጦ የወረደው የጣሪያ በረዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ ማታ ይረጋል፤ በማግስቱ ደግሞ እንደዚያው።

ረድፍ 4 ላይ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ቁልቁለቱ ጥሩ ነው፣ ውሃም አይተኛበትም። በመዶሻ ሲመታ የቀረው ቅርፊት አንዳንድ ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከሥሩ ያለው ግን ጥርት ብሎ ይጮኻል። በሚስማር ሲጫር ላዩ እንደ ዱቄት ይነሣል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ሲደረግበት ወዲያው ይጠጣል፤ ረድፍ 3 ላይ ያው ጠብታ ደቂቃዎች ይቆያል። ከረድፍ 3 እና ከረድፍ 4 አንድ አንድ የኮር ናሙና (በመሰርሰሪያ የሚወጣ ክብ ዘንግ) ተቆርጦ በላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የረድፍ 3 ደቃቅ የአየር ቀዳዳዎች እስከ ፊቱ ድረስ ተሰራጭተዋል። የረድፍ 4 አካልም ከዚያ አይለይም። የላይኛው 3 ሚሊሜትር ግን አየሩ ሳስቶ፣ ሲሚንቶው ነጣ ብሎና ወንፊት ሆኖ ተገኘ።

ሥራው ሲሠራ የተነሡት ፎቶዎች የቀረውን ተናገሩ። ሙሌቱ የተጀመረው ከጋራዡ በር ነው፤ ረድፍ 4 የመጨረሻው ነበር። በብርድ ኮንክሪት ለመጠጠር ስለሚዘገይ ውሃ ወደ ላይ መትፋቱን ለረጅም ሰዓት ይቀጥላል። ፎቶው ላይ ፊቱ በውሃ እያብለጨለጨ ሳለ የብረት ማለስለሻ ይሄድበታል። ያ ውሃ ተመልሶ ወደ ላይኛው ሽፋን ገባ፤ የታዘዘው 0.45 ምጣኔ እዚያች ስስ ሽፋን ላይ ፈረሰ፤ ማለስለሻው ደግሞ አየሩን ጨምቆ አወጣው። አየር ያለበት የውጭ ኮንክሪት በብረት ማለስለሻ አይነካም። ውሃው ከፊቱ እስኪጠፋ ተጠብቆ፣ በእንጨት ወይም በማግኒዚየም መደልደያ ተደልድሎ፣ በመጥረጊያ ይጨረሳል። ሲደርቅባቸው ፊቱ ላይ ውሃ የሚረጩ ሠራተኞችም ያንኑ ስሕተት ነው የሚሠሩት።

(ከመላጥ ጋር የሚምታታ ሌላ ጉዳት አለ፦ ከሥሩ አንድ ደካማ ጠጠር የተሰበረበት የሾጣጣ ቅርጽ ጉድጓድ። ያ የጠጠሩ ችግር እንጂ የፊቱ አይደለም፤ እዚህ አልታየም።)

ለምን ይላጣል?

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። በኮንክሪት ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ ያልረጋውን ይገፋል፤ መሸሻ ካጣ ግፊቱ ሲሚንቶውን ይሰነጥቃል። ይህን የግፊት ማብራሪያ የኮንክሪት ተመራማሪው ቲ. ሲ. ፓወርስ ያቀረበው በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። መፍትሔው ሆን ተብሎ የሚገባው አየር ነው፤ የአየር ቀዳዳዎቹ ደቃቅና ተቀራራቢ ሆነው፣ በመካከላቸው ያለው የርቀት መለኪያ ከ0.2 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ይደረጋል። ስለዚህ 6 በመቶ የሚለው ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይደለም። አየሩ ከፊቱ ከተጨመቀ፣ በረዶው መጀመሪያ የሚያገኘው ቦታ ያለ መከላከያ ቀርቷል።

ጨው ሲጨመር ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር ይከሰታል፤ ኮንክሪቱን ክፉኛ የሚልጠው ብዙ ጨው ያለበት ውሃ አይደለም፣ ጥቂት ያለበት ነው። ጉዳቱ ከፍተኛ የሚሆነው 3 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ይህ በቤተ ሙከራ ደጋግሞ የታየ ሲሆን ከማብራሪያዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል። ፊቱ ላይ የረጋው ስስ የበረዶ ሽፋን በብርድ ሲኮማተር ከኮንክሪቱ አምስት እጥፍ ያህል ይኮማተራል። ንጹሕ በረዶ ጠንካራ ስለሆነ ውጥረቱን ይችላል። በጣም ጨዋማው ልፍስፍስ ስለሚሆን የሚይዘው ጉልበት የለውም። ጥቂት ጨው ያለበት በረዶ ግን ኮንክሪቱን ለመያዝ የሚበቃ ጥንካሬ እያለው ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ከፊቱ ላይ ቅርፊት ይዞ ይነሣል።

ወደ መግቢያችን እንመልሰው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የቀረ 1 ሚሊሜትር ውሃ 1 ሊትር ነው። 30 ግራም ጨው በዚያ ውስጥ ካለ 3 በመቶ ደረሰ። ቀልጦ ያልተጠረገ እርጥብ በረዶ፣ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠብ ጭቃ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ፣ ሁሉም ውለው አድረው የሚደርሱት እዚህ አካባቢ ነው። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ጨዋማ ኮንክሪት እስኪደርቅ ይዘገያል። ውሃ የጠገበ ኮንክሪት ነው የሚፈነዳው፤ ደረቅ ኮንክሪት በብርድ ብቻ አይጎዳም።

የ25 ኪሎው ስሌት

ባለቤቱ የሚበትነው 25 ኪሎ በ60 ካሬ ሜትር ሲካፈል 417 ግራም በካሬ ነው። ዓላማው በረዶውን በሙሉ ማቅለጥ ነበር። ይሳካል? 10 ሳንቲሜትር አዲስ በረዶ በተለምዶ 10 ሚሊሜትር ውሃ፣ ማለትም በካሬ 10 ኪሎ ነው። በዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሳይረጋ የሚቆይ የገበታ ጨው (የድንጋይ ጨውም ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው) ውሃ 8 በመቶ ያህል ጨው ይፈልጋል። ያን ሁሉ በረዶ ለማቅለጥ እንግዲህ በካሬ 870 ግራም ገደማ፣ ለመግቢያው በሙሉ ከ52 ኪሎ በላይ ያስፈልጋል። 25 ኪሎው ግማሹን አቅልጦ፣ ግማሹን አጭቅቶ፣ ማታ ሁሉም አብሮ ይረጋል። አካፋን በጨው መተካት በሒሳብም አያዋጣም።

ጨው የሚፈለገው በረዶው ከኮንክሪቱ ጋር የተጣበቀበትን ስስ ንጣፍ ለማላቀቅ ብቻ ነው። ለዚህ በካሬ 20 ግራም ይበቃል፤ ለ60 ካሬ ሜትር 1.2 ኪሎ። ይህ መጠን አንድ ጊዜ በሚዛን ተለክቶ በአንድ ጣሳ ላይ መስመር ከተሰመረበት ዳግመኛ ሚዛን አያሻም። በእጅ ሲበተን ዓይን "አነሰ" ይላል፤ ዓይንን ከማመን ጣሳውን ማመን ይሻላል።

ጥገናው

መጀመሪያ የተሠራው ውሃውን ማራቅ ነው። የአሸንዳው ቱቦ 2 ሜትር ተቀጥሎ ወደ ሣሩ ዞረ። በረድፍ 1 ቀኝ የሰረገው ቦታ ዙሪያ በአልማዝ መፍጫ ተፈጭቶ ውሃው ወደ ዳር መውጫ አገኘ። በጋራዡ ወለልና በመግቢያው መካከል ያለው 12 ሚሊሜትር ክፍተት ተጠርጎ፣ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፎም ገመድ ተጠቅጥቆበት፣ በላዩ 6 ሚሊሜትር የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ተሞላ። ገመዱ ከክፍተቱ ሩብ ያህል መወፈር አለበት፤ አለዚያ ይሰምጣል። ማሸጊያው የስፋቱን ግማሽ ያህል ጥልቀት ሲኖረው ነው የሚለጠጠው፤ ወፍራም ተደርጎ ከተሞላ ከጎኑ ይገነጠላል።

ረድፍ 4 ላይ አዲስ ስስ ልስን ይደረግ የሚል ሐሳብ ነበር። አልተደረገም፤ ትክክለኛ ውሳኔም ነው። ደካማው ቅርፊት ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ የተለሰነ ልስን ቅርፊቱን ይዞ ይነሣል፣ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያው በረዶ። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ከተነሣ ደግሞ ከሥሩ ያለው በናሙናው እንደታየው አየሩ ያልተነካ ጥሩ ኮንክሪት ነው። ስለዚህ 15 ካሬ ሜትሩ በመፈልፈያ ማሽን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ተፍቆ፣ በመዶሻ ተፈትሾ፣ ጠጠሩ እንደታየ ተተወ። መልኩ ከሌላው ይለያል፣ ሸካራም ነው። ለመኪና መንገድ ሸካራነት ነውር አይደለም። ልስን ግድ ከሆነ ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ማያያዣ) የተቀላቀለበት ሆኖ፣ የሥሩ ኮንክሪት ውሃ ጠግቦ ፊቱ ግን ደርቆ ሳለ ይለሰናል፤ የታችኛው የተቆረጠ መስመር ሁሉ በልስኑም ላይ መቆረጥ አለበት። ፊቱን በአሲድ ማጠብ ግን አይመከርም፤ አሲዱ ሊጠበቅ የታሰበውን ሲሚንቶ ይበላል።

የመከላከያ ቅቡ

ለዚህ መግቢያ የተመረጠው 40 በመቶ ሲላን (ውሃ የሚገፋ የሲሊከን ውሕድ) ያለው፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ዓይነት ነው። ሲላን ፊት ላይ ሽፋን አይሠራም። ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ከኮንክሪቱ ጋር ይያያዝና ውሃን ያስመልሳል፤ እንፋሎት ግን እንዲወጣ ይተዋል። የሚያብረቀርቀው የአክሪሊክ ቀለም መሰል ቅብ ይህን አያደርግም፤ ከሥር የሚመጣ እርጥበት ይታፈንበታል፣ ያዳልጣል፣ ይላጣል። አክሪሊክ ቀድሞ የተቀባበት ፊት ላይ ሲላን ቢረጭ ገንዘብ መድፋት ነው፤ አይሰርግም።

ኮንክሪቱ ቢያንስ 28 ቀን የሞላው መሆን አለበት። መግቢያው መጀመሪያ በግፊት ውሃ ታጠበ፤ አፍንጫው ከፊቱ 30 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ሰፊ ፍንጣቂ ተደርጎ። የዘይት ነጠብጣብ በማስለቀቂያ ሳሙና ተፈገፈገ፤ ዘይት ባለበት ሲላን አይገባም። ከዚያ ሁለት ፀሐያማ ቀን ደረቀ። ድርቀቱ በዓይን አይታመንም፤ 45 ሳንቲሜትር በ45 የሆነ ላስቲክ አራቱ ጠርዝ በፕላስተር ታሽጎ ለ16 ሰዓት ይተዋል። ሲነሣ ከሥሩ ጠል ወይም የጠቆረ ቦታ ከታየ ይቆያል። ረድፍ 1 ቀኝ በመጀመሪያው ቀን አላለፈም፤ አንድ ቀን ተጨመረለት።

መጠኑ እንዲህ ተሰላ፦ ለስላሳው 45 ካሬ ሜትር በሊትር 4 ካሬ ሲባል 11 ሊትር ከሩብ፤ የተፋቀው 15 ካሬ ብዙ ስለሚጠጣ በሊትር 3 ካሬ ሲባል 5 ሊትር። በድምሩ ከ16 ሊትር በላይ ስለሆነ 18 ሊትር ተዘጋጀ። በዝቅተኛ ግፊት መርጫ፣ ከዝቅተኛው ዳር ወደ ላይ፣ ፊቱ ለጥቂት ደቂቃ ርሶ እስኪታይ ተረጨ፤ የተጠራቀመው በመጥረጊያ ተበተነ። ኩሬ ሠርቶ ከደረቀ ነጭ ወይም የሚያጣብቅ ምልክት ይተዋል። የአየሩና የኮንክሪቱ ሙቀት ከ5 ዲግሪ በላይ፣ ከ32 በታች መሆን አለበት፤ ከተረጨ በኋላም ለ24 ሰዓት ዝናብ ባይነካው ይመረጣል። የጋራዡ መስኮትና የአበባው ዳር አስቀድሞ በላስቲክ ተሸፈነ፤ ሲላን መስታወት ላይ ካረፈ ለማስለቀቅ ያስቸግራል። ማቅጠኛው ሟሟ ኬሚካል ከሆነ የመተንፈሻ ጭምብል ግዴታ ነው።

የበረዶው ወራት አያያዝ

በረዶው ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ መኪና ሳይረግጠው፣ ጠርዙ ፕላስቲክ በሆነ አካፋ ይጠረጋል። የተረገጠ በረዶ ነው ጨው የሚያስፈልገው። ተጣብቆ የቀረው ላይ ጣሳው ይበተናል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ሲለቅ ጭቃው ተገፍቶ ከኮንክሪቱ ላይ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው የሚዘለለው፤ ሦስት በመቶውም የሚሠራው እሱ ሲቀር ነው።

ሰማዩ ሲጠቁርና ፊቱ ደረቅ ሳለ ጨዋማ ውሃ አስቀድሞ መርጨት ከሁሉም ጨው ይቆጥባል። 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 300 ግራም ጨው ሲሟሟ 23 በመቶ ይሆናል። በካሬ 30 ሚሊሊትር ሲረጭ መግቢያው ከ2 ሊትር ያነሰ ይፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ጨው ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ከዝናብ በፊት ግን አይረጭም፤ ይታጠባል።

አሁን ወደ ባለቤቱ ጥያቄ። የገበታ ጨው እስከ ዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል፤ ከዚያ በታች ማባከን ነው። ካልሲየም ክሎራይድ ዜሮ በታች 25ን አልፎም ይሠራል፤ ነገር ግን በኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተዋሕዶ የሚያብጥ ውሕድ ይሠራል፣ ከዜሮ በላይ ባለ ቅዝቃዜም ቢሆን፣ በተለይ ውሃ በሚተኛባቸው የተቆረጡ መስመሮች ላይ። ማግኒዚየም ክሎራይድ ለኮንክሪት ደግ ነው ተብሎ ይሸጣል፤ በእውነቱ የሲሚንቶውን ማያያዣ ቀስ በቀስ ወደ ደካማ ነገር ይለውጣል። ካልሲየም ማግኒዚየም አሲቴት ብረት አይበላም፤ ጉልበቱ ግን ከዜሮ በታች 6 ወይም 7 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል። ከረጢቱ ላይ አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት የሚል ካለ ወደ መግቢያው አይቅረብ፤ እነዚህ ኮንክሪትን በኬሚካል ያፈርሳሉ። "ለኮንክሪት አደገኛ ያልሆነ" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይልም፤ የሚነበበው ከጀርባው ያለው ዝርዝር ነው። ለዚህ መግቢያ የተመከረው ተራው ጨው በልኩ፣ ከዜሮ በታች 9 ሲወርድ ደግሞ ደረቅ ሸካራ አሸዋ ነው። አሸዋ አያቀልጥም፤ ጎማ ግን ይይዛል።

ከመኪናው ሥር ጠርዙ ከፍ ያለ የጎማ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚንጠባጠበውን ይቀበላል፤ የተጠራቀመው በባልዲ ይደፋል። ብርዱ ላላ ባለበትና ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በላይ በሚቆይበት ቀን ጠዋት መቆሚያው በውሃ ይታጠባል። ማታ ማጠብ ሌላ በረዶ መሥራት ነው።

በሚቀጥለው የበረዶ ወራት

ረድፍ 1 ላይ አዲስ ቁስል አልወጣም። የተፋቀው ረድፍ 4 በአብዛኛው ቆሟል፤ ከመንገዱ ጋር በሚዋሰነው 40 ሳንቲሜትር ላይ ግን የሳንቲም ያህል ጥቂት ቅርፊቶች ተነሥተዋል። የመንገድ በረዶ ገፊ መኪና ጨዋማውን ክምር የሚጥለው እዚያው ላይ ነው፤ ክምሩ ለቀናት ሳይነሣ ቆይቷል። ለዚያ ዳር ሁለት ነገር ታዘዘ፦ ክምሩ በጣለበት ቀን ወደ ሣሩ እንዲዛወር፣ ዳሩም በሞቃቱ ወራት ታጥቦና ደርቆ ሲላን እንዲደገምለት።

ቀሪው በየዓመቱ በረዶው ከመግባቱ በፊት በውሃ ጠብታ ይፈተሻል። ጠብታው ተንከባሎ ከቆመ ቅቡ አለ፤ ተዘርግቶ ቦታውን ካጠቆረ ቅቡ አልቋል። እንዲህ ያለ ቅብ በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፤ ጎማ የሚመላለስበት መስመር ግን ቀድሞ ስለሚያልቅ ጠብታው የሚፈተሽበት ቦታ እሱ እንጂ ዳር ያለው አይደለም።